የማይቀላ ብረት

ከሰቆጣ የወጣሁበት ዋዜማ ቤታችን ሰው ሞልቶ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ ብሎ ነበር። ጎረቤቱ ይመጣል፣ መርቆኝ ይቀመጣል፣ ወሬ የሚጀምር ግን የለም። ባለቤቴ ዝናሽ ነጭ ማር በጀሪካን ሞልታ ሻንጣዬ ውስጥ ስትከት፣ እኔ ከሸሚዞቹ መካከል መዶሻዬን ሸጎጥሁ። ማንም ሳያስተምረኝ የተጋጨ አይሱዙና ቅጥቅጥ እያቃናሁ፣ ባቲላሜራ ተብዬ አራት ልጆች ያሳደግሁበት መዶሻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከከተማው መኪና ጠፋ፤ ከዚያም በኋላ ሥራው አላገገመም። የእህቴ ልጅ ሙሉጌታ ጀርመን የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት የእጄን ሥራ በቪዲዮ አይቶ የሁለት ዓመት ውል ሲልክልኝ፣ «ሰው በአገሩ ይሥራ» እያልሁ ልጆቼን የምቆጣው እኔ ሻንጣ አነሣሁ። ራሴን ደብቄ እናንተን ልመክር አልፈልግም።

ፍራንክፈርት ስደርስ ሻንጣዬ ተከፈተ። ትግርኛ የምትናገር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መሀላችን ገብታ አስተረጎመች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ፈታሹ።

«መዶሻ።»

«ጀርመን አገር መዶሻ ያልቃል ብሎ ሰግቶ ነው?»

«የሰው መዶሻ እጅ አይለምድም በይው» አልኋት።

ምን ብላ እንደነገረችው እንጃ፣ ሳቀና መዶሻውን መለሰልኝ። ማሩን ግን ወሰደው። አደገኛው እሱ ኖሯል።

የተመደብሁባት ከተማ ትንሽ ናት። ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ሰዉ ደግ ነው፤ ግን «እንዴት አደርህ» ብለህ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ልትጠይቅ ስትዘጋጅ እሱ አልፎህ ሄዷል። እኛ አገር ሰላምታ የሚፈጀው ጊዜ እዚህ አንድ ጎማ ያስቀይራል።

መዶሻዬም ብዙ አልዘለቀም። ጋራዡ ውስጥ በመጋረጃ የተከለለ ክፍል አለ፤ አካላቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ መኪኖች እዚያ ብቻ ይጠገናሉ። መዶሻዬን ይዤ ልገባ ስል ማይስተሩ፣ ማለት አለቃችን፣ መግቢያው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ፈርቦተን!» አለ። ክልክል ነው። ላሜራ ሲመታ የኖረ መዶሻ የብረት ብናኝ ይዞ ይገባል፤ ብናኙ አሉሚኒየሙን ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ የዚያ ክፍል መዶሻው፣ ብሩሹ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሁሉ ለብቻው ነው። አልተከራከርሁም። ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም።

በዚያ ክፍል ተፈትኖ ያለፈ ቋሚ ውል ያገኛል። ቋሚ ውል ያለው ደግሞ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት ይችላል። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነበር። ለዝናሽ ግን አልነገርኋትም፤ ያልሆነ ነገር ማውራት አልወድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን የተጨረመተ የአሉሚኒየም ኮፈን ሰጡኝ። እንደለመድሁት በእሳት አሞቅሁትና እስኪቀላ ጠበቅሁ። ላሜራ ሲግል ይቀላል፤ «በቃህ» ይልሃል። አሉሚኒየም ግን ምንም አላለኝም። መልኩን ሳይለውጥ ቆየና ድንገት ቀልጦ ወረደ። ኮፈኑ ላይ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ።

ማይስተሩ በቀዳዳው አጮልቆ አየኝ። «አየር ማስገቢያ ነው?» አለኝ። ሙሉጌታ ሲያስተረጉምልኝ ሳቁን ለመያዝ ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ አይዞህ፤ አንድ ዕድል ጨምረውሃል» አለኝ በኋላ። «ይሄ በሙቀት መለኪያ ነው የሚሠራው፤ በዓይን አይደለም።»

ማይስተሩን አስፈቅጄ የተጣለ የአሉሚኒየም ፓራፋንጎ፣ የጎማ መሸፈኛውን ማለት ነው፣ ወደ ቤት ወሰድሁ። ፈተናው ሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቼ፣ ምድር ቤት ወርጄ፣ በሞቃት አየር መንፊያ እያሞቅሁ በእንጨት መዶሻ መቀጥቀጥ ጀመርሁ። ጥቂት እንደሠራሁ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት አሮጊት ከዘራቸውን እያንኳኩ ወረዱ።

«ኄር ኪሮስ!» አሉኝ፤ አቶ ማለታቸው ነው። «ዛሬ እሑድ ነው!»

«አውቃለሁ፣ እሜቴ። ነገ ፈተና አለብኝ።»

«እሑድ ምስማር እንኳ አይመታም። ሕግ ነው።»

በተሰባበረ ጀርመንኛዬ «እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ? በእግዚአብሔር አላምንም» አሉ። «በእሑድ ግን አምናለሁ።»

ሰቆጣ በሰንበት የመጣ ሾፌር «ነገ ና» እየተባለ ከደጄ ይመለስ ነበር። አሁን በማያምኑ ሴት አፍ ተገሠጽሁ። መዶሻውን አስቀመጥሁ። ግን ወደ ክፍሌ አልወጣሁም። ብረቱን እያሞቅሁ፣ መለኪያውን እያየሁ፣ ጉድጓዱን በእንጨት ቁራጭ በዝግታ፣ ድምፅ ሳላሰማ ገፋሁት። እውነቱን ልናገር፤ ሰንበትን አላከበርሁም፣ ሴትዮዋን ነው ያከበርሁ። ብረቱ ግን መመታትን ሳይሆን መገፋትን ይወድ ኖሮ፣ ሳይሳሳ ሳይሰነጠቅ መጣልኝ።

ሰኞ እንደዚያው ሠራሁ። ማይስተሩ መዳፉን በኮፈኑ ላይ አሳልፎ «ኒሽት ሽሌሽት» አለ። መጥፎ አይደለም ማለት ነው። ቅር አለኝ። ሙሉጌታ ግን አቀፈኝ፤ «ከዚህ በላይ ምስጋና እዚህ አገር የለም፣ ጋሼ!» አለኝ።

ዝናሽ ጋ ደወልሁ።

«ውሌ ቋሚ ሆነ» አልኋት።

«ቋሚ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማብቂያ የለውም ማለት ነው። አንቺና ልጆቹ ትመጣላችሁ።»

 «እኔ እኮ ውልህ በሰላም አልቆ እንድትመለስ ለሚካኤል ጥላ ተስያለሁ» አለች።

እኔ እንዲረዝም ስጸልይ እሷ እንዲያልቅ ስትሳል ኖራለች። ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ልጆቹስ ምን ይላሉ?» አልሁ።

«አንተን ይፈራሉ። ኑ ካልኻቸው ይመጣሉ።» ከዚያ ሆዷ ሲባባ እንደምታደርገው ወደ አፍ መፍቻችን ወደ ኸምጣኛ ዞረች፤ እናቷን ማን እንደሚጦር ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣ «እኔም ካዘዝኸኝ እመጣለሁ» አለች። «ታዘኛለህ?»

በሌላው ቀን ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ የሚቆራረጠው ኔትወርክ ያን ዕለት እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ፤ «ተቆረጠብኝ» ብዬ የማመልጥበት ሰበብ እንኳ አጣሁ። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል። መልሴን ትጠብቃለች።