ያልደፋነው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ቀለም የምትቀባው ልጅ ጓንቷን እያጠለቀች አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «ይኼኛው አሞኒያ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም» አለቻት። ወዲያ ማዶ ግን አሞኒያ ያለው ቀለም ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ መጣና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ቀለሙ ነው ብላ መስኮት ከፈተችልኝ። ቀለሙ ብቻ አልነበረም። አሞኒያ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት መካነ ኢየሱስ ከተማ ስማር ነው፤ በእሱም ሰበብ ከትምህርት ቤት ልባረር ነበር። ልንገርሽ።

የባዮሎጂ መምህራችን ከባሕር ዳር የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ውስጡ የተሰባበሩ ወንበሮች እንጂ ሌላ አልነበረም። እሷ ወንበሮቹን አስወጣች። ብየዳ ቤት ሄዳ ማዕዘኑ ብረት፣ ጎኑ መስታወት የሆነ ገንዳ አሠራች። ከዚያ ቆሮሶ የሚሉትን የጣና ዓሣ ጫጩቶች በጀሪካን ውሃ ውስጥ አድርጋ፣ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ያንን የሚያንገጫግጭ መንገድ በአውቶቡስ መጣች። እኛ የደጋ ልጆች ዓሣን የምናውቀው ትልልቆቹ በጾም ይበላል አይበላም ብለው ሲከራከሩ ነው። በሕይወት ሲዋኝ ከአፍንጫችን ሥር አይተን አናውቅም ነበር።

ገንዳውን እንድንጠብቅ ለእኔና ለጓደኛዬ ሰጠችን። አንዱ የክፍላችን ልጅ «ቲቸር፣ ለምን ለሴቶች?» ቢላት፣ «ስለጠየቁኝ» አለችው፤ በቃ።

ብዙም ሳይቆይ መውለጃዋ ደረሰና ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እሷ በሄደች ሰሞን ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ያለከልኩ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በር ስንከፍት የሞቱት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይጠብቁናል። የራባቸው መስሎን ፍርፋሪ ጨመርንላቸው፤ ባሰባቸው። ክፍሉ ያልተጠረገ በረት ሸተተ።

ከጓደኛዬ ወንድም ስልክ ወደ መምህራችን ደወልን። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«አሞኒያ ነው» አለች። «ምግብ ተርፎ ሲበሰብስ፣ እነሱም ሲጸዳዱ የሚፈጠር መርዝ ነው። ገንዳው አዲስ ስለሆነ፣ ያንን መርዝ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ገና አልተባዙበትም። ምግቡን ለጊዜው ተዉት። በየቀኑ ከውሃው ጥቂት እየቀዳችሁ አውጡና በባልዲ ያደረ ውሃ ተኩ። ከወንዝ ድንጋይ አምጡ፤ ላዩ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ነገር ግን እንዳታጥቡት፣ ባክቴሪያዎቹ ያሉት እሱ ላይ ነው።» ልጇን እሹሩሩ እያለች «የሞተው ሞቷል፤ የቀረውን አትልቀቁ» አለችን።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ። «ከወረዳ እንግዳ ይመጣል። ይኼን ግም ውሃ ዛሬውኑ ድፉና መስታወቱን አጥባችሁ አስረክቡ» አሉ።

ጓደኛዬ መሬት መሬት አየች። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ። «አንደፋም። በሕይወት ያሉ አሉበት። መድፋት ካለበት እርስዎ ይድፉት።»

ይህን ያልኩት ተማሪዎች በር ላይ ቆመው እያዩ ነው። ቃሌን አልመለስኩም። «ወላጅሽን ሳታመጪ ይህን ግቢ እንዳትረግጪ» አሉኝ።

አባቴ ገበሬ ነው። እኔ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማር፣ በገበያ ቀን ስንቄን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ያን ቀን በሶዬን ከትከሻው ሳያወርድ ነገርኩት። ጋቢውን አስተካክሎ ለብሶ የዳይሬክተሩ ቢሮ ገባና ከወገቡ እጅ ነሣ። «ይማሩኝ፣ ጌታዬ። ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ከበሩ ሥር ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ያለ ጥፋቱ አንገቱን መድፋቱ አንገበገበኝ። ዳይሬክተሩ በመጨረሻ «እስከ ዓርብ ሽታው ካልጠፋ ራሴ አስደፋዋለሁ» አሉት።

ሲወጣ ፊቴን አዞርኩበት። ክንዴን ያዘኝ።

«አንች፣ ስሚኝ» አለኝ። «ይቅርታውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንች አልጠየቅሽም። በይ ግቢ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ገባሁ። እኔና ጓደኛዬ ከቦኖ ውሃ እየቀዳን ዳገቱን ተመላለስን። ወረፋ ላይ ያሉ ሴቶች «ሰው ውሃ ባጣበት ለዓሣ!» ብለው አጉረመረሙ፤ ተሰልፈን ቀዳን። አንድ ጎረምሳ «ለእኔስ አትቀዱልኝም?» ሲል፣ ጓደኛዬ ባልዲዋን ሳታወርድ «አንተ እጅ አለህ፤ እነሱ የላቸውም» አለችው። የወንዙን ድንጋይ በነጠላችን ቋጥረን አመጣን። ነጠላው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ዓሦቹ መሞታቸውን ወዲያው አላቆሙም። በየጠዋቱ ለሞቱት ከጓሮ ጉድጓድ እንቆፍራለን። አንድ ጠዋት ግን በር ስንከፍት ማንም አልሞተም። ውሃው ጠርቶ ድንጋዮቹ ይታያሉ፤ የቀሩት ጥቂቶች ከታች፣ ከድንጋዩ ጥላ ሥር፣ ቀስ ብለው ይዋኛሉ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባቸው ላይ ታበራለች። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ዓርብ ዳይሬክተሩ መጡ። አጎንብሰው አሸተቱ፣ መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ወጡ። በኋላ እንግዶቹን መጀመሪያ ያስገቡት እዚያ ክፍል ነው አሉ።

መምህራችን አልተመለሰችም፤ ባሏ ወዳለበት ተዛወረች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ገንዳውን ለታናናሽ ሴት ተማሪዎች አስረከብን።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ላይ አንዲት የማላውቃት ወጣት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኛ በኋላ ዓሦቹን ከጠበቁት አንዷ ነበረች።

«አባትሽ እኮ አንቺ ከሄድሽ በኋላም በገበያ ቀን ይመጡ ነበር» አለችኝ። «አህያቸውን ከአጥሩ ያስሩና፣ አስፈቅደው ገብተው፣ መስታወቱ ፊት ይቆማሉ። ምን ላምጣልዎት ስላቸው ‹ምንም፤ ልጄን ልያት ብዬ ነው› ይሉኝ ነበር።»

አባቴ በስልክ ስንገናኝ ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ ይነግረኝ ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።