የኋላው ዲፍረንሻልና አማቴ

ትንሿን ጂፕ የገዛናት ለባለቤቴ ሥራ ብለን ነበር። ባለቤቴ ያቭኔ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የምንኖረው ግን ቂርያት ማላኪ ነው። የጠዋት ሺፍት ሲደርሳት አውቶቡስ በሰዓቱ አያደርሳትም። ስለዚህ ከአንድ ገበሬ ያገለገለች ጂፕ አገኘንና ወሰድናት። ሁለት በር ያላት፣ አጭር፣ ቀላል ናት፤ ከሰገነታችን ቁልቁል ሳያት አሻንጉሊት ትመስለኛለች። ሻጩ አራቱም ጎማዋ እንደሚጎትት ሲነግረኝ በዕብራይስጥ "ቤሰደር"፣ እሺ ብዬ አለፍኩት። እኛ ከአስፋልት ወጥተን የት ልንሄድ?

ከአስፋልት ያስወጡን አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው።

አማቴ ገዴራ ይኖራሉ። ወደዚህ አገር የመጡት ከብዙዎቻችን ቀድመው፣ በሱዳን በኩል፣ በእግራቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከገዴራ ወጣ ብሎ ባለ የብርቱካን እርሻ ትራክተር ሲነዱ ኖሩ። እኔ የመጣሁት ዘግይቼ ነው። ቤተሰቦቼ ለትውልድ በክርስትና ኖረው በኋላ ወደ አይሁድ እምነት የተመለሱ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ለአማቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጃቸውን ስጠይቅ እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። ሠርጉ ላይ መጡ፣ መረቁ፣ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው ወሬ "ደህና ሰነበትክ?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ብቻ ነበር። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። አንዳንዴ ቢወጣቸው ይሻለኝ ነበር እል ነበር።

አማቴ ንብ ያረባሉ። ቀፎዎቻቸው ከድሮው እርሻ ጫፍ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ናቸው፤ የቀድሞ አሠሪያቸው ቦታውን ፈቅዶላቸዋል። በየሳምንቱ በእግራቸው ሄደው ያዩዋቸው ነበር። ያን ክረምት ግን ጉልበታቸው አስቸገራቸው።

"ዓርብ ዓርብ አባባን አንተ አድርሳቸው" አለችኝ ባለቤቴ። "እኔ ለሰንበት አበስላለሁ፤ አንተ ከፋብሪካ ነፃ ነህ።"

"መንገድ ላይ ምን እናወራለን?"

"ስለ ንብ አውሩ።"

ስለ ንብም አላወራንም። የመጀመሪያው ዓርብ ከአስፋልቱ ወርደን በብርቱካኖቹ መካከል ወዳለው የአፈር መንገድ ገባን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ አፈሩ ሊጥ ሆኗል። ብዙም ሳንሄድ ጂፗ ቆመች። አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን ማንሻ ሳብኩ፤ ነዳጅ ረገጥኩ። ጭቃ መስታወቱ ድረስ ተረጨ እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። አማቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። በቃ፣ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ቀስ ብለህ ስጣት" አሉኝ በከዘራቸው ተደግፈው።

ነዳጁን በቀስታ ረገጥኩ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወደ ሌላው ጎን ዞረው አዩ።

"ይቺ መኪና አራት እግር አላት ያለህ ማነው? ከኋላ አንዱ ብቻ ይሽከረከራል፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከፊትም እንደዚሁ። ሰነፎቹ ናቸው ደረቁ ላይ የቆሙት።"

"ለምን?"

ይኼኔ አማቴ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ተናግረውኝ ከሚያውቁት የበለጠ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኝ የጥርስ ቤት አለ፣ ዲፍረንሻል ይባላል። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። ጭቃ ላይ ግን ያው ደግነቱ ጉድ ይሠራል፤ አንዱ ጎማ ካዳለጠው ጉልበቱ እሱ ጋ ይባክናል። ትራክተራቸው ላይ በተረከዝ የሚረገጥ ፔዳል ነበር። እሱን ሲረግጡ ሁለቱ ጎማ እንደ አንድ ይሆናል፣ ትራክተሩም ከየትኛውም ጭቃ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ዝናቡ ባርኔጣቸው ላይ እየወረደ ነበር፤ ልብ ያሉትም አይመስለኝም። ቅርንጫፍ ቆርጠን ጎማው ሥር ከትተን በስንት መከራ ወጣን። ቀፎዎቹን ሳናይ ተመለስን።

ሲወርዱ በሩን ይዘው፣ "ጠይቅ እስቲ" አሉኝ። "ለዚች የሚሆን ይኖራል።"

ጠየቅሁ። ያቭኔ ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ጂፕ ብቻ የሚሠራ ሙሳክ የሚሉት ጋራዥ አለ። መካኒኩ መጀመሪያ ጎማዎቼን አየና ሳቀብኝ፤ ልሙጥ ጎማ ይዘህ ስለ ዲፍረንሻል አታውራኝ አለኝ። ጎማ ቀየርኩ። ከዚያ ተመልሼ ስሄድ አማቴ አብረውኝ ነበሩ፤ ስልክ ደውለው "እኔም እመጣለሁ" ብለውኝ ነው። ስልኬ ላይ ቁጥራቸውን ሳየው ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

መካኒኩ ጂፗን ወደ ላይ አንሥቶ ምርጫው ሦስት ነው አለን። አንደኛው ራሱ የሚይዝና ራሱ የሚለቅ ነው፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን እንደኛ ባለች አጭርና ቀላል መኪና ላይ ሲታጠፉ ጀርባዋን ይነጥቃታል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ያስደነግጣል። ሁለተኛው በከፊል የሚይዝ ነው፤ አንዱ ጎማ ሲያዳልጠው ለሌላውም ያካፍላል። ሹፌሩ መኖሩንም አያውቀው። ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ብዙ አይረዳም። ሦስተኛው በአዝራር የሚቆለፍ ነው፤ እስኪጫኑት ድረስ እንደ ማንኛውም መኪና ነው፣ ሲጫኑት ሁለቱ ጎማ አንድ ይሆናል።

"እንደ ፔዳሉ!" አሉ አማቴ።

"ግን አስፋልት ላይ በጭራሽ" አለ መካኒኩ። "ተቆልፎ እያለ መታጠፍ አትወድም።"

የመጀመሪያውን ወዲያው ተውነው። በቀሩት ሁለቱ ግን ተከራከርን፤ ከያቭኔ እስከ ገዴራ፣ በሚቀጥለውም ዓርብ፣ ከዚያም በስልክ። እኔ ሁለተኛውን ነበር የፈለግሁት፤ መኪናዋ የባለቤቴ ናት፣ በዝናብ ጠዋት እየነዳች የምትሄደው እሷ ናት፣ አዝራር ምናምን ውስጥ ላስገባት አልፈለግሁም። አማቴ ደግሞ "በከፊል የሚይዝ ማለት በከፊል የሚለቅ ማለት ነው" ብለው ድርቅ አሉ።

ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ፣ ጋን ያቭኔ የሚኖር ባልደረባ አለኝ። የእኛኑ ዓይነት ጂፕ አለው፤ የገጠመላት በከፊል የሚይዘውን ነው። "ያላ፣ ተነሡ፣ አሸዋው ላይ እንውጣና እዩት" አለን። ወደ ያቭኔ አሸዋ ወጣን። ከጎማዎቹ ትንሽ አየር አስተነፈሰና ለቀቃት። ጂፗ ለስላሳውን አሸዋ እንደ ፍየል ወጣችው። እኔ ዘወር ብዬ አማቴን አየኋቸው፤ እሳቸው በመስኮት ወደ ባሕሩ አዩ።

ከዚያ አንድ ጎርበጥባጣ ቦታ ደረስን። አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ላይ ተንጠለጠለ፤ መኪናዋም እዚያው ቆማ ጎማውን ታሽከረክር ጀመር። ባልደረባዬ አልደነገጠም። ነዳጁን ሳይለቅ በሌላው እግሩ ፍሬኑን በትንሹ ነካ ነካ አደረገ፤ የተንጠለጠለው ጎማ ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ሌላው አለፈና ወጣን።

"እየነዱ ፍሬን መያዝ ምን የሚሉት ነው?" አሉ አማቴ።

በመልስ መንገድ እኔ የማስበው ያንን የተንጠለጠለ ጎማ ነበር። የእርሻው መንገድ ሙሉ ለሙሉ ጉድጓድ ነው፤ አማቴም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እዚያ ብንቆም በእግራቸው ሊመለሱ አይችሉም። ገዴራ ልንደርስ ስንል፣

"የእርስዎ ይሻላል አባባ" አልኩ። "አዝራሩን እናድርገው።"

"አይ" አሉ። "እኔም ሳስበው ነበር። ልጅቱ ናት ጠዋት ጠዋት የምትነዳው። የአንተ ይሁንላት።"

"የእርስዎ ይሁን እንጂ!"

"የአንተ ይሁን አልኩህ!"

ያኔም ተጣላን፤ እያንዳንዳችን ለሌላው ምርጫ እየተከራከርን። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አየችኝ።

"አዝራሩን ካልነካሁት መኪናዬ እንደ ድሮዋ ናት?"

"እንደ ድሮዋ።"

"ታዲያ እኔ አልነካውም፤ እናንተ ንኩት። ይኼ ነው ሁለት ወር ያጨቃጨቃችሁ?"

በአዝራር የሚቆለፈው ተገጠመ፤ ከኋላ ብቻ። ጥቅሙን ያየነው ከዚያ በኋላ በመጣው ትልቅ ዝናብ ነው።

ዝናቡ ለቀናት አላባራም ነበር። ጠዋት የእርሻው ባለቤት፣ የቀድሞ አሠሪያቸው፣ ለአማቴ ደወለ፤ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ያለው ቦይ ሞልቶ ውሃው ወደ ቀፎዎቹ እየመጣ ነው። አማቴ ለእኔ ደወሉ። ከፋብሪካ አስፈቅጄ ወጣሁ። ባለቤቴ የዚያን ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ጂፗ ቤት ቆማ ነበር። ገዴራ ስደርስ አማቴ የትራክተር ጊዜ ቦቲያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል።

የአፈሩ መንገድ መንገድነቱ ቀርቷል። አዝራሩን ተጫንኩ፤ መሪው ሥር ትንሽ መብራት በራች። ጂፗ እየተንገጫገጨች፣ ወደ ጎን እያዳለጣት፣ ግን ሳትቆም ሄደች። መታጠፊያው ላይ መሪውን ባዞረው ዝም ብላ ወደ ፊት ትገፋለች።

"ልቀቅ! ልቀቅና ታጠፍ፣ ከዚያ መልሰህ ያዝ!" አሉኝ። ለቀቅሁ፣ ታጠፍኩ፣ ያዝኩ።

ውሃው የመጀመሪያዎቹን ቀፎዎች እግር ነክቷል። አማቴ መውጫቸውን በጨርቅ ወተፉ፤ እኔ ተሸክሜ ከኋላ ጫንኩ። ግማሾቹን ወስደን ከፍ ብሎ ወዳለው የእርሻው መጋዘን አደረስንና ለቀሩት ተመለስን። የመጨረሻውን ሳነሣ አንዱ ጨርቅ ወለቀ። ብርድ ስለነበር ንቦቹ ብዙ አልወጡም፤ ከወጡት አንዷ ግን የዓይኔን ቆብ አገኘችው።

ጮኽኩ። አማቴ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "አትነቃነቅ" ብለው እሾኳን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አወጡልኝ። ዓይኔ ወዲያው አብጦ ተከደነ፤ ሌላውም በእንባ ተሞላ።

"ታያለህ?"

"አላይም።"

"እንግዲያው ዙር" አሉና መሪው ላይ ተቀመጡ።

ከትራክተሩ ከወረዱ ወዲህ ምንም ነድተው አያውቁም። ወንበሩን ወደፊት ሳቡ፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ ጣሉ። መንቀሳቀስ ስንጀምር ተረከዛቸው ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ሰማሁ።

"የታል?"

"ምኑ?"

"ፔዳሉ!"

"አዝራር ነው እኮ አባባ። እዚህ ጋ ነው፣ እኔ እጫንልዎታለሁ።"

እንደዚያ ሆነን ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፤ እኔ በዳበሳ ጣቴን አዝራሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። "ያዝ!" ሲሉ እጫናለሁ። "ልቀቅ!" ሲሉ እለቃለሁ። ንቦች በመኪናው ውስጥ ይዞራሉ፤ አንዷ አንገታቸው ላይ ስትሄድ እሳቸው እቴ፣ አላባረሯትም። መሀል መንገድ ላይ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝና አሟቸው ይሆን ብዬ ዞርኩ። በደህናው ዓይኔ ባጮልቅ እየሳቁ ነው።

ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምና ደርሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ከሹፌሩ በር አባቷ ሲወርዱ አፏን በእጇ ያዘች።

"አባባ! ማነው ያስነዳዎት?"

"ሹፌሬ ዓይኑ ጠፋ" አሉ።

መጋዘኑ ውስጥ ዝናቡ ቀለል እስኪል ቀፎዎቹ አጠገብ ተቀመጥን። ባለቤቴ እርጥብ ጨርቅ ዓይኔ ላይ ያዘችልኝ። አማቴ ቦቲያቸውን እየጠረጉ፣ ቀና ሳይሉ፣

"አባትህ በሥራቸው ምን ነበሩ?" ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ቤተሰቤ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ሸማኔ እንደነበሩ፣ ልጅ ሳለሁ ድርና ማግ እንዳቀብላቸው ያስቀምጡኝ እንደነበር ነገርኳቸው። የየት አገር እንደሆኑ፣ ወንዛቸውን፣ ገበያቸውን ጠየቁኝ። ያንን ገበያ ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው አህያ ሸጠውበታል። ባለቤቴ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች፤ ጨርቁ ደርቆ ነበር።

መሬቱ ሲደርቅ ቀፎዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ አንዱ ብቻ ሞተ። በፀደይ የብርቱካን አበባ ማር ቆረጥን። አሁንም ዓርብ ዓርብ እንሄዳለን። ባለቤቴ አዝራሩን ነክታው አታውቅም፤ የምትማረረው ወንበሩ ሥር በምታገኘው አሸዋና ሰም ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አማቴ አዲስ ነገር አምጥተዋል። የፊቱም ዲፍረንሻል ይቆለፍ ይላሉ። የፊቱ ዘንግ ቀጭን ነው፣ መሪው ዞሮ ከተቆለፈ ይሰበራል ብዬ ነገርኳቸው፤ መካኒኩም ነገራቸው። መካኒኩ ልጅ ነው አሉ። ባለፈው ዓርብ ከገዴራ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን፤ ቀፎ ስንከፍት ዝም አልን፣ ንብ ጩኸት አይወድም። ክዳኑን እንደገጠሙ፣ "እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክረው" አሉኝ። እኔ አሁንም እምቢ እንዳልኩ ነው።