መሐሉን ያዙ

ሲስተር ዘሀራ ባለፈው ማክሰኞ ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ላይ አረፉ። በጤና ጣቢያችን ለብዙ ዓመታት በነርስነት አገልግለዋል። እሳቸው ያዋለዷችሁ፣ ቁስላችሁን ያጠቡላችሁ ሁሉ መርዶውን ሰምታችኋል። እንዴት እንዳረፉ ግን ብዙ ይወራል። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ልቡ ቀጥ ያለን ሰው ደረቱን በመጫን ማቆየት እንደሚቻል ሲስተር ለሐኪም ብቻ አላስተማሩም። «ሰው የሚወድቀው ሐኪም ፊት አይደለም» ይሉ ነበር። ዘበኛውን፣ ሾፌሩንና እኔን ሰብስበው ጭድ የተሞላ ጆንያ መሬት ላይ አስተኙልን። ስንጫን አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ሰዓት እያዩ መቁጠሩም አልሆነልንም። በመጨረሻ ድቤ አስመጡና ሁላችንም የምናውቀውን መንዙማ አስጀመሩን። መንዙማ ደግሞ እንደምታውቁት በዝግታ ይጀመርና እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ሰዓታቸውን እያዩ ልኩን ከመሐሉ ላይ አገኙት፤ በደቂቃ መቶ ምት፣ ትንሽ ቢበልጥም ግድ የለም። ከዚያ በላይ ከፈጠነ ልቡ ደም የሚሞላበት ጊዜ ያጣል ብለው አስረዱን። «መጀመሪያው ላይ በሽተኛው ይሞታል፣ መጨረሻው ላይ እኛ እንሞታለን፤ መሐሉን ያዙ።»

ዘበኛችን ጋሼ ታደሰ ጆንያው ላይ ተንበርክከው «በመንዙማ መጫኔን ለንስሐ አባቴ እንዳትነግሩብኝ» አሉ።

«ሰውየው ከተነሣ እሱ ራሱ ይመሰክርልዎታል፤ አሁን ክንድዎን ቀጥ ያድርጉ» አሏቸው ሲስተር።

የእኔ ተራ ሲደርስ እጄ ታዘዘልኝ፤ ድምፄ ግን አልወጣ አለ። ሲስተር ሰው ፊት አላሳፈሩኝም። ሁሉም ሲሄዱ መወልወያዬን ከእጄ ወስደው የእኔን ወለል እያጸዱ ብቻዬን አለማመዱኝ። «ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አሉኝ።

ማክሰኞ የክትባት ሳጥን ይዤ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገባና ሁላችንም ወረድን። ሲስተር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደረታቸውን ያዝ አደረጉ፤ ከዚያ በጎናቸው ወደቁ። ጠራኋቸው፤ አልመለሱም። አይተነፍሱም። ሰዎቹ ውሃ እናርከፍክፍባቸው ይላሉ፤ የሚኒባሱ ሾፌር አምቡላንስ እንዲመጣ ወደ ወረኢሉ ይደውላል። ተንበርክኬ መዳፌን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ጆንያ አይደለም፤ የእሳቸው ደረት ነው። ስጀምር ከእጄ ሥር ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አጥንት የሰበርኩ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። ሲስተር በልምምዱ ጊዜ «አጥንት ይጠገናል» ያሉት ትዝ ሲለኝ መልሼ ጫንኩ።

መንዙማውን በለሆሳስ ጀመርኩት። ተሳፋሪዎቹ ሰሙኝና እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ደገፈኝ። ግን ወሎ ውስጥ መንዙማ ይዞ የማያሞቅ ማን አለ? ጭብጨባው ፈጠነ፤ እጄም ተከተለው። መፍጠኑን አውቄዋለሁ። መናገር ግን ፈራሁ። ከተሳፋሪዎቹ መሐል ሽማግሌዎች አሉ፣ የመስጊዳችን ሼህ እንድሪስ አሉ፤ እነሱን ዝም በሉ የምል እኔ ማን ነኝ? ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። ከዚያ የሲስተርን ፊት አየሁና ጮህኩ።

«አታሙቁት! መሐሉን ያዙ!»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሼህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን አነሱ። «አንቺ ምሪን፣ ልጄ፤ እንከተልሻለን» አሉና በእኔ ልክ ድንጋዩን ይመቱ ጀመር። ክንዴ ሲዝል አጫጫኔን ሲያይ የቆየው የሚኒባሱ ሾፌር ተቀበለኝ፤ እሱ ሲደክም እኔ። አምቡላንሱ እስኪደርስ አልፈጠንም፣ አልዘገየንም። አብሮ የመጣው ነርስም ብዙ ሞከረ። ሲስተር ግን አልተመለሱም። ነርሱ ምታችሁ ልክ ነበር አለኝ። እሱ ያየው ከጮህኩ በኋላ ያለውን ነው። የበፊቱን አላየም።

ሲስተር፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ድምፄን ለማን እንደማስቀምጥ ጠይቀውኝ ነበር፤ የዘገየሁት በእርስዎ ላይ ሆነ። ትናንት ጋሼ ታደሰ ጆንያውን አውጥተው አስተኙት። ማን ያሳየን ብለው ዞር ሲሉ ሁሉም እኔን አዩ። እየፈራሁ ተንበረከክሁ፣ እየፈራሁ ጀመርኩ። ጭብጨባው ሊሞቅ ሲል ግን አንድ ምት እንኳ አላሳለፍኩም፤ ተናገርኩ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። እርስዎ ይረፉ፤ መሐሉን እኔ እይዛለሁ።