ስታባርራቸው የሚመለሱት አጎታችን

አጎታችን ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። መሸት ሲል ሲቀላ ሰፈር ያለውን የቤታችንን በር የሚያንኳኳ የለም።

ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ነበረች። ጠዋት የወደደችውን ሰው ማታ ትጠላዋለች፤ የቀረባት ሰው ሊተዋት የመሰላት እንደሆነ ራሷን ትጎዳለች። ሐኪሞቹ የስብዕና መታወክ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ መድኃኒቱን ትታ እንድትጸልይ መከራት። እናታችን ደግሞ አመል ነው ብላ ትቆጣት ነበር።

ከካምባ መጥተው አጠገባችን ይኖሩ የነበሩት አጎታችን እህቴን የምትከታተላትን የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ወንጌላዊውንና እናታችንን ቤታቸው ጠሩ።

«ልጅቷ አንድ ናት» አሏቸው፤ «ሦስት ቦታ አትጎትቱብኝ። መድኃኒቱም፣ ምክሩም፣ ጸሎቱም አብረው ይሂዱ።»

ከዚያ ወዲህ ሁሉም እየተመካከሩ ይረዷት ጀመር። እህቴ ሲከፋት ግን አጎታችንን «ውጡልኝ! አልወድዎትም!» ትላቸው ነበር። አይቆጧትም።

«እሺ፣ እወጣለሁ። ነገ ግን እመጣለሁ» ይሏታል፤ ደግሞም ይመጣሉ። ከዓመታት በኋላ ራሷን መጉዳት ተወች።

በቀብራቸው ማግስት ክፍሏን ቆልፋ ዋለች። ነርሷ መጥታ በበሩ በኩል ብታናግራትም አልከፈተችላትም። ያ ሁሉ ልፋት አብሯቸው የተቀበረ መስሎኝ ፈራሁ። አመሻሹ ላይ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

«አንቺም ትሞቻለሽ?»

አይዞሽ ብዬ ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። «አዎ፣ እሞታለሁ» አልኳት።

«እሳቸውም ዋሽተውኝ አያውቁም» አለችና እንድገባ በሩን ለቀቀችልኝ።