ውሃ ያልገባበት ቀለም

ቀለም ቀቢነትን የጀመርኩት ግድግዳ በመፋቅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ብሩሽ ሳጥብና መሰላል ስይዝ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ቤት የሳሎኑን ኮርኒስ እንድቀባ ተፈቀደልኝ። ያን ቀን ካበላሸሁ ወደ መፋቅ እንደምመለስ አውቃለሁ።

አለቃችን ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል፣ አንቱታ አይወድም። ባልዲውን ከፍቶ በእንጨት ነካ ነካ አደረገና «ዋላል፣ እህቴ፣ ይሄማ ገንፎ ነው። ውሃ ጨምሪበት» አለኝ።

«አይጨመርም፣ አለቃ።»

ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆራ! ሙያ ትምህርት ቤት የገባሁት እንዲያው ወንበር ላሞቅ አይደለም። ፈሳሽ ሁሉ ሲገፉት አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ውሃና ዘይት ቀስ ብለው ቢያማስሏቸውም ቢያጣድፏቸውም ቅጥነታቸው ያው ነው። በትንሽ ውሃ የተበጠበጠ የበቆሎ ስታርች በቀስታ ሲነኩት ይፈሳል፣ ሲመቱት ይጠጥራል። የጥርስ ሳሙና በደንብ ካልተጫኑት ንቅንቅ አይልም። ቀለም ደግሞ ሲቀመጥ ይወፍራል፣ ብሩሽ ሲፈትገው ይቀጥናል፣ ብሩሹ ሲያልፍ መልሶ ወፍሮ ባለበት ይይዛል። ውሃ ካበዙበት መያዙን ይተውና ከኮርኒስ ይንጠባጠባል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። «እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም» ብሎ የውሃውን ጆግ አነሳ። እኔም ክዳኑን ገጥሜ ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል።

«ነጭ ሸሚዝህን እንደለበስክ ከሥሬ ቁም» አልኩት። «አንዲት ጠብታ ከወደቀችብህ እንዳሻህ አድርገኝ።»

እልኸኛ ነውና ቆመ። ቀለሙን አማስዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁና ቀባሁ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ ልክ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን። ምንም አልወደቀም። ሸሚዙን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

«ደህና። አሁን ውሃውን ጨምሪ።»

ያኔ ገባኝ። የፈለገው መታዘዜን ብቻ ነበር። ደሜ ፈላ። «አልጨምርም!» አልኩና ኮርኒሱን እስከ መጨረሻው ጥግ ቀባሁት።

በሳምንቱ ሌላ ቤት ሥራ ሲጀመር አልተጠራሁም። ሄጄም አልለመንኩም። የራሴን ብሩሽ ገዝቼ ሃያብለ ወደሚባለው ሰፈር ወጣሁና ቀለሙ የተላላጠ በር አንኳኳሁ። የከፈተችው ሴትዮ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማነው የላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልላከኝም» አልኳት።