ዶክተር ወይንሸት የወሰዱት ታኬታ

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን ሜዳ ዳር ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ይዘው የሚቆሙ ሴት ነበሩ፤ ዶክተር ወይንሸት። ስፖርተኛ ላክም ብሎ የተነሳ ሐኪም ሀዋሳ ላይ ከእሳቸው በፊት አናውቅም። ስንት ዓመት የተማሩትን ሴትዮ ተመልካቹ "ወጌሻ፣ ወጌሻ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የተጎዳ ልጅ "ደህና ነኝ" ብሎ እንደሚዋሽ ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ እግር ታኬታውን ያወልቁና ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል፤ እስኪድን አይመልሱም። ሁለተኛ ታኬታ ደግሞ ማን አለው? አሰልጣኙ ቢሰድባቸው ቢለምናቸው ንቅንቅ አይሉም።

የታላቅ ወንድሜ የማቴዎስ ጉልበት ያበጠው ለሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ታኬታው ተወሰደ። አሰልጣኙ ቤታችን ድረስ መጥቶ "አንተ ከሌለህ አለቀልን" አለው። ያ ሰውዬ ጉልበቱን በዓይኑ አይቷል እኮ! ማቴዎስም ታኬታውን እንዳመጣለት እኔን ለመነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜን ደግሞ እንደ ነፍሴ ነው የምወደው።

በፍጻሜው ቀን ከሐይቁ በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣል፣ ሜዳው በአቧራ ታፍኗል። ዶክተሯ የሌላ ልጅ ቁርጭምጭሚት ሲያስሩ ታኬታውን ከቦርሳቸው መንትፌ ሮጥኩ። አሰልጣኙ የማቴዎስን ጉልበት በቅባት አሸት አሸት አድርጎ አስገባው። ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ እኔም አብሬ ጮህኩ። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይጫወት ወደቀ። ዶክተሯ ሮጠው ሲደርሱ አሰልጣኙ ተቀያሪ እያዘጋጀ ነበር።

እናታችን እያለቀሰች "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ስትል ዶክተሯ ተቆጧት። "ልጅ እኮ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው" አሏት። ታኬታውን ማን እንዳወጣው አልጠየቁም፤ አይተውኝ ነበር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቤታችን እየመጡ የእግር እንቅስቃሴ አሠሩት። መራመድ ቻለ። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው መታጠፍ እምቢ አለ፣ ኳስም በዚያው ቀረ።

ዛሬ እሳቸው የሉም። በስማቸው የወጣቶች ዋንጫ ይካሄዳል ሲባል ደስ ብሎኝ ባለፈው ቅዳሜ ከማቴዎስ ጋር ሄድኩ። የዶክተሯ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት የለበሰ አሰልጣኝ፣ የሚያነክስ ልጅ ጉልበት ላይ የሚያደነዝዝ ስፕሬይ እየረጨ ወደ ሜዳ ሲገፋው አየሁ። በስማቸው! ያኔ እየተሰደቡም ቢሆን እምቢ የሚሉ አንድ ሰው ነበሩን። አሁን ያን ሁሉ ሕዝብ ባየው አንድ የሚከለክል የለም።

ንዴት አንገበገበኝና "ታያለህ አይደል?" ልለው ወደ ማቴዎስ ዞርኩ። የማይታጠፍ እግሩን ዘርግቶ ያጨበጭባል።

"ግባ፣ አይዞህ፣ ትችላለህ" ይለዋል ልጁን።