ቆዳ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ

ቆዳ ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ተሰናበተ፤ እኔ ግን በዘበኝነት ቀረሁ። ጉልበቴ እስኪዝል ቆዳ ከኖራ እያወጣሁ ስፍቅ የኖርኩበትን ግቢ አሁን ብቻዬን እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ብገባም የሚጠብቀኝ የለም።

የግቢውን ታሪክ የነገሩኝ ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ናቸው። መጀመሪያ አንድ የውጭ ሰው ቆዳ የሚሽከረከርባቸው የእንጨት በርሜሎች ተከለ። ኋላ ደርግ ወረሰው፤ ከዚያ ለባለሀብት ተሸጠ። በመጨረሻ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዙሪያውን ከበበው፤ ሰፈርተኛው ሽታውንና ወደ ወንዙ የሚለቀቀውን ውሃ አልችል አለ። ተዘጋ።

አንድ ቀን ሐጂ ግቢውን ልይ ብለው ከልጃቸው ጋር መጡ። ምርኩዛቸውን ይዘው በርሜሎቹ ወደነበሩበት አዳራሽ ገቡ። በርሜሎቹ ተሸጠው ሄደዋል፤ መሬቱ ላይ ጉድጓዳቸው ብቻ ቀርቷል።

«ሽታውም የለም» አሉ።

«ዝናቡ አጠበው፣ ሐጂ።»

«አውቶቡስ ስንሳፈር፣ 'ፋቂዎች መጡ' ብለው ሲነሡልን ትዝ ይልሃል?»

«እንዴት እረሳለሁ! እግራችንን ዘርግተን ነበር የምንቀመጠው።»

ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። በጾም ወራት ሚስታቸው ለእኔ ብለው ይልኩት የነበረውን ምስር አስታወስን። ሲሄዱ፣ «አንተ ልጅ፣ ብቻህን አትቆራመድ። ና ቤቴ» አሉኝ። ሽበቴን እያዩ አንተ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ሌላው ሁሉ አንቱ ይለኛል።

ፈቃድ አግኝቼ መሪ ሰፈር፣ ቤታቸው የሄድኩት ቆይቼ ነው። ልጃቸው የኮንዶሚኒየሙን በር ከፈተልኝና፣ «ሰሞኑን ሰው እየረሱ ነው፣ አይዘኑባቸው» አለኝ በቀስታ።

ሐጂ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ፊቴን ትክ ብለው አዩና፣

«ይቅርታ፣ ማን ልበል እርስዎን?» አሉኝ።

ስሜን ነገርኳቸው። የፋብሪካውንም ስም ጨመርኩ። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው። ልጃቸው ምሳ አቀረበ። እንዳይከፋቸው በላሁ።

ስወጣ ካፊያ ነበር። ታክሲ እያለ እስከ ጉርድ ሾላ በእግሬ ሄድኩ። እንባዬ መጥቶ ነበርና ሰው መሃል ተጠጋግቼ መቀመጥ አልፈለግኩም።

አሁንም ፈቃድ ሳገኝ እሄዳለሁ። ሐጂ ከአጠገባቸው ቦታ ይለቁልኛል፣ «ይቀመጡ» ይሉኛል፤ እቀመጣለሁ።